ድንጋዩ ታየ፣ ረሃቡም ታየ፤ ላስቴው መቼ ይታይ?

(ላሊበላ ከተማ ውስጥ ለወጣት አንባብያን በተዘጋጀ የውይይት ምሽት ላይ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



«ስለምትወዳቸው መጻሕፍትና ፊልሞች ንገረን» ብላችሁ ስትጋብዙኝ ደስ ያለኝን ያህል ፈርቻለሁ። ደስታዬ ግልጽ ነው። በዚህ ኑሮ ናላን በሚያዞርበት፣ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ተብሎ ተጠያይቆ በሚወጣበት ዘመን ስለ ልቦለድና ስለ ሲኒማ አውራልን የሚል ሰው ከየት ይገኛል? ፍርሃቴ ደግሞ ሌላ ነው። ቅኔ በሚዘረፍበት፣ ዲያቆኑ ዳዊት በቃሉ በሚደግምበት ከተማ ቆሞ ስለ ቃላት መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ስለዚህ ከወዲሁ እንተዋወቅ፤ እኔ ሃያሲ አይደለሁም። ያለኝ ዲፕሎማ ነው፤ እሱም የሥነ ጽሑፍ አይደለም። የምናገረው በኪሱ ገንዘብ መጽሐፍ የሚገዛና ትኬት ቆርጦ ሲኒማ ቤት የሚገባ ሰው የሚለውን ነው፦ ይሄ ጥሞኛል፣ ያ አልጣመኝም። ምክንያቴን እነግራችኋለሁ፤ ካልተስማማችሁ ደግሞ ተከራከሩኝ።

ራምቦና የህንዷ እናት

እስቲ ከቪዲዮ ቤት እንጀምር። በየወረዳ ከተማው በቆርቆሮ የተከደነች፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረባት፣ አንድ ቴሌቭዥንና አንድ ማጫወቻ ያላት ያቺን ጨለማ ክፍል የምታስታውሱ አላችሁ አይደል? ታናናሾቻችሁ ፊልሙን በሞባይል ስለሚያዩ አልደረሱባትም። እዚያች ክፍል ውስጥ እነ ራምቦ፣ እነ ቫን ዳም፣ እነ ጃኪ ቻን ነግሠው ነበር። በራምቦ ላይ ቂም የለኝም። ብቻውን አንድ ሠራዊት ይፈጃል፣ ጥይቱም አያልቅበትም። ተረት ነው፤ ተረት ደግሞ አይጠላም። ችግሩ ከበሩ ወጥተን ሰፈር ሳንደርስ መረሳቱ ነው።

ያልተረሳው የህንዱ ፊልም ነው። «ማዘር ኢንዲያ» እ.ኤ.አ. በ1957 የተሠራ ነው፤ ከብዙዎቻችን አባቶች በዕድሜ ይበልጣል። ቋንቋውን የሚሰማ አንድም ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ቢታይ ግን እናቶች ያለቅሳሉ። ለምን? ታሪኩን እንየው። አራጣ አበዳሪ አለ። የማያልቅ ዕዳ አለ። ማረሻውን በገዛ ትከሻዋ የምትጎትት እናት አለች። በመጨረሻም የሰው ልጅ ጠልፎ ሊሄድ የተነሳውን የገዛ ልጇን በጥይት ትመታለች። ለመሆኑ ይህን ለመረዳት ህንድኛ ያስፈልጋል? ለላስታ ገበሬ የበሬን መጉደልና የአበዳሪን ፊት ማን ይተረጉምለታል? ሰው ያለበት ታሪክ አስተርጓሚ አይፈልግም። እንግዲህ ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚችው ሐሳብ የተመዘዘ ነው፤ መጽሐፍም ሆነ ፊልም ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው «ውስጡ ሰው አለ ወይ?» ብዬ ነው።

በዛብህ የእናንተ ሰፈር ልጅ ነው

የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የወጣ መጽሐፍ ነው። ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ፍቅር ሁሉም ያወራል። እኔ ግን ደፍሬ ልናገርና፣ ከፍቅሩ ይልቅ የሚይዘኝ ስለቱ ነው። ወላጆቹ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ብለው ለእግዚአብሔር ይሳሉታል፤ ልጁ አድጎ ተምሮ ሲያበቃ ሳይጠየቅ የተገባበት ቃል አንገቱን ያንቀዋል። እስቲ ንገሩኝ፣ በዚህ ከተማ ስንት በዛብህ አለ? ከቤቱ ርቆ ቁራሽ እየለመነ የተማረ፣ ወላጅ በገባው ቃልና በገዛ ልቡ መካከል የቆመ ስንት ልጅ አለ? ይህን መጽሐፍ አንድ የላሊበላ ዲያቆንና አንድ የአራት ኪሎ ተማሪ እኩል አያነቡትም። ዲያቆኑ ይበልጣል!

ፊታውራሪ መሸሻም አሉ። ትዕቢታቸው እያሳቀ ያሳዝናል። ጉዱ ካሳን እወደዋለሁ፤ አንዳንዴ ግን ንግግር ያበዛል፤ ደራሲው በሱ አፍ ሲያስተምሩን ገጹ ይረዝምብኛል። ይህን ስል አዲስ አበባ ላይ የሚቆጡኝ ወዳጆች አሉኝ። ይቆጡ! መጽሐፍ ታቦት አይደለም፤ ይነካል።

ወጋየሁ ንጋቱ ይህንን ልቦለድ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ከብቦ ሰምቷል። ጎጃምን ረግጦ የማያውቅ ሰው ስለ ዲማ የሰፈሩን ያህል ማውራት የጀመረው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ደራሲ አንድን አገር ለሌላው ሲያስተዋውቅ እንዲህ ነው።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ደግሞ ሌላው ምስክሬ ነው። በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ ልባችሁ ውስጥ የሚቀረው ዘመቻው ነው ወይስ ፊያሜታ? እኔ ፊያሜታ ናት እላለሁ። አስመራን ሳላያት ከነመንገዷ፣ ከነቡና ቤቷ፣ ከነፍርሃቷ የማውቃት በዚህ መጽሐፍ ነው። ባለሥልጣኖቹን ያስቆጣቸው ዘመቻው መተቸቱ ብቻ አይመስለኝም። በ«ጠላት» አገር ውስጥ ሰው መኖሩን ስለነገረን ጭምር ነው። በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ ደስ ያለኝም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ቁጠሩ። ጎጃም በዛብህን አገኘች። አስመራ ፊያሜታን አገኘች። ላስታስ?

የፈረንጁ መጽሐፍ

«ላስታማ ስንት ተጽፎላታል!» የሚል አይጠፋም። አዎን፣ ተጽፏል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን መጥቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቷል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ፤ እዚያ ላይ «የሚያምነኝ የለም» ብሎ ስለሰጋ ብዙ ሳይጽፍ መተዉን ይነግረናል። ይሄን ሰው እወደዋለሁ። ያየውን አየሁ ብሎ የተደነቀ ሰው ነው።

ሌላው ግን ግራሃም ሀንኮክ ነው። ስለ ታቦተ ጽዮን የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1992 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ተቸበቸበ። አስጎብኚ ወንድሞቼ፣ ይህን መጽሐፍ በብብቱ ይዞ የሚመጣውን እንግዳ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሰውየው የሚለን፣ ልዑል ላሊበላ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ቴምፕላር የሚባሉት የአውሮፓ መስቀለኛ ወታደሮች አብረውት መጡ፣ በግንባታውም እጃቸው አለበት ነው። የቴሌቭዥኑ ደግሞ ባሰ፤ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሠሩት ብሎ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ አለ። ጉድ እኮ ነው! ፍጡራኑ ከሰማይ ወርደው ላስታ ድረስ ከመጡ አይቀር መንገዱንም በጠረቡልን።

ሀቁን ላሳጥረው። ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ በፊት የነበረ ንጉሥ ነው፤ ዋሻ ውስጥ ያነጸውም ቤተ ክርስቲያን እዚሁ አጠገባችሁ ነው። ቤተ አማኑኤልን ስታዩ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው የአክሱም ግንበኛ እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቀ ይሠራው የነበረው አሠራር ነው። የአርኪዮሎጂው ሊቅ ዴቪድ ፊሊፕሰን ሥራው ሁሉ የአንድ ዘመን አይደለም፣ ከፊሉ ከንጉሡ ዘመን በፊት የተጀመረ ነው ይላል። እንግዲህ ትውልድ ከትውልድ ሲቀባበለው የኖረ ሙያ ነው። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ!

ታዲያ «መላእክት ሌሊት ሌሊት ያግዙ ነበር» የሚለውን የአባቶች ትውፊት የት ልታደርሰው ነው? እንዳትሉኝ። መላእክቱን አልነካም። በመላእክቱና በቴምፕላሩ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ትውፊቱ መላእክቱን የሚያመጣው ቀን ሲሠራ የዋለውን ሰው ለማገዝ ነው። ቴምፕላሩ ግን የመጣው ሊተካው ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ልመን፤ ሀንኮክ ሲተርክ እንቅልፍ ይነሳል። ምዕራፉን ሳትጨርሱ መብራት አታጠፉም። የእኛም ይስማዕከ ወርቁ በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ዴርቶጋዳ»ን በጣና ገዳማት ምስጢር ዙሪያ ሲሸምነው አንባቢው ተሻምቶ ገዛው። እኔም ወድጄው ነው ያነበብኩት። እንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ የሚሸነፈው በመግለጫ ሳይሆን ከሱ በጣፈጠ ታሪክ ነው። «ውሸት ነው!» እያልን ስንጮህ እሱ እየተነበበ ነው። አስጎብኚውም ጉርሻ እንዳይቀርበት ብሎ እንግዳው መስማት የሚፈልገውን ቴምፕላር ይነግረዋል፤ አጠገቡ የቆመው ሊስትሮ ልጅ ደግሞ ያንን ሰምቶ ያድጋል። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይሉ የለ?

ንጉሥ የጣለው ፊልም

ሁለተኛው የወሎ መልክ ረሃብ ነው። እንደ ሲኒማ ወዳጅ ስናገር፣ በአገራችን ታሪክ ላይ ከማንኛውም ፊልም በላይ ኃይል ያሳየው ስለ ወሎ የተሠራ ነው። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ያሳየው፣ ስሙ ሲተረጎም «ያልታወቀው ረሃብ» የሚባለው ዘጋቢ ፊልም ነው። ደርግ ይህንኑ ፊልም በቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች እየቆራረጠና እየቀጠለ በመስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቭዥን አሳየው። በማግሥቱ ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ፊልም ንጉሥ ሲያወርድ አይታችኋል? እዚህ አገር ተደርጓል! ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቆጠቁጠኛል። እዚያ ፊልም ላይ የታዩት ወሎዬዎች ስማቸው ማን ነበር? ከዚያ ቀን በፊት ምን ይሠሩ፣ በምን ይስቁ፣ ማንን ያፈቅሩ ነበር? የጃንሆይ ተቃዋሚ ምስላቸውን ተጠቀመበት፤ የውጭው እርዳታ ሰብሳቢ ተጠቀመበት፤ በ1977 ዓ.ም.ም ያው ተደገመ። ፊልሙ ሥራውን አልሠራም አልልም። ዝም ማለት ይገድል ነበር። የምለው ሌላ ነው፤ ሰው በአንድ ክፉ ዓመቱ ብቻ ፎቶ ተነስቶ ዕድሜ ልኩን በዚያ ፎቶ መታወቅ የለበትም።

ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማችሁ ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ የሆነውን እናንተ ታውቃላችሁ። ያኔ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መስሪያ ቤት ሳይቀር ቅርሱ ይጠበቅ ብሎ ጠይቋል። ደግ አደረገ፤ ድንጋዩም የእናንተ ነው። ነገር ግን መብራትና ባንክ ተቋርጦ ሳለ እናቶች ጤፉን በምን አስፈጩት? እንግዳ የቀረበት አስጎብኚ ልጆቹን በምን አሳደረ? ይሄ የዜና ርእስ አልሆነም። ለነገሩ የዜና ሥራ ላይሆን ይችላል፤ የልቦለድ ሥራ ነው።

የራሳችን ሲኒማ

የአዲስ አበባን ፊልም በተመለከተ ብዙ አልናገርም። ሶፋ፣ መኪና፣ ሀብታም አባት፣ ድሃ አፍቃሪ፣ በመጨረሻ ሠርግ። አንዳንዱ ያስቃል፤ ከሥራ በኋላ ለደከመው ሰው ሳቅም ምግብ ነው። ካሜራው ግን ከቦሌ ብዙ አይርቅም።

ራቅ ብለው የሄዱት ጥቂት ናቸው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ተሸለመ። ረዥም ነው፤ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲመላለስ የሚያደክመው ተመልካች አለ። ጀርመን ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ ጎንደር ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ የተመለሰውን አንበርብርን ስናይ ግን «ይሄ የኛ ቤት ነው» እንላለን። እኔን ከሁሉ የያዘችኝ እናቱ ናት። ልጇ ምን ሆኖ እንደመጣ ሳይገባት የምትንከባከበው እናት! ስንቱን የስደት ተመላሽ እናት አየሁባት መሰላችሁ።

የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» ስለ ጠለፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ፤ በነሐሴ 2006 አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሰዉ ወንበሩን ይዞ ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ በኋላ ላይ ታየ። የወደድኩለት ነገር ጠላፊውንና የሚደግፉትን ሽማግሌዎች ጭራቅ አድርጎ አለመሳሉ ነው። ሽማግሌዎቹ በራሳቸው ሚዛን ፍትሕ የሚሠሩ ይመስላቸዋል። የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ሦስተኛው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። ታሪኩ ትንሽ ነው። እናቱ በድርቅ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ፣ ቹኒ የምትባል በግ አለችው። አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። አጎቱ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ያስባል፤ ልጁ ደግሞ ሳምቡሳ እየሠራ ገንዘብ ያጠራቅማል። አጎት «ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ምን ያደርጋል?» ባይ ነው። ልብ በሉልኝ፤ ድርቅም አለ፣ ድህነትም አለ፣ ተራራም አለ። እኛ የምናየው ግን አንድ ልጅና አንዲት በግ ነው። ድርቁ ሰውየውን አልጋረደውም። ይህ ፊልም ላስታ ቢሠራ ኖሮ ምን ይጎድለው ነበር? ምንም! በግም ሞልቷል፣ ሥራ ፍለጋ የሄደ አባትም ሞልቷል።

የገበሬው ላም

«ታዲያ ምን እንጻፍ?» ላላችሁኝ፣ ታሪኩ ከእናንተው ጓዳ አለ። ገድሉን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለላሊበላ የተበጠበጠውን መርዝ አስቀድሞ ዲያቆኑ ቀመሰው፤ ሞተ። ላሊበላ ስለ ዲያቆኑ አዝኖ ጽዋውን እያወቀ ጠጣው። የወንድማማች ጠብ፣ ዙፋን፣ መርዝ፣ ታማኝ አገልጋይ! ሆሊውድ ይህን ቢያገኝ ሦስት ክፍል ያወጣበት ነበር።

እኔ የምወደው ግን የንግሥቲቱን የመስቀል ክብራን ትውፊት ነው። እሷ መክራው ላሊበላ ዙፋኑን ለነአኩቶ ለአብ ለቀቀ ይባላል። ዓመት ከመንፈቅ ያህል አለፈ። አንድ ቀን የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች ለንጉሡ እራት ብለው የአንድ ድሃ ገበሬ ያለችውን አንዲት ላም ነዱበት። መስቀል ክብራ ይህን ስትሰማ ባሏን «ዙፋንህን መልሰህ ያዝ» አለችው። እስቲ አስቡት! መንግሥት የተቀየረው በጦር ብዛት አይደለም፤ በአንዲት ላም ነው። የዛሬን አላወራሁም፤ ስለ 800 ዓመት በፊት ነው የምናገረው። የሳቃችሁት ግን ገብቷችኋል።

ትውፊቱ የንጉሡን ስም ነገረን፣ የንግሥቲቱን ነገረን፣ የተሻረውንም ነገረን። የገበሬውን ስም ግን አልነገረንም። ላሟ ስትነዳ ሚስቱ ምን አለች? ልጆቹ ወተት ሲጠይቁ ምን ብሎ መለሰ? ንግሥቲቱ ዘንድ ድረስ አቤቱታውን ያደረሰለት ማን ነው? የላስታ ልቦለድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቅርቡም አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ተነስተው ወደ አዲስ ሰፈር የተዛወሩት ቤተሰቦች አሉ። ከቅዳሴው ድምፅ ጋር ነቅቶ ያደገ ሽማግሌ፣ ደወሉ በማይሰማበት ቤት የመጀመሪያዋን ሌሊት እንዴት አደረ? ለገና በእግሩ ስንት ቀን ተጉዞ መጥቶ ቤዛ ኩሉ ሲወረብ ከታች ሆኖ የሚያንጋጥጠው ገበሬ፣ ቤቱን ለማን አደራ ሰጥቶ መጣ? ጎህ ሳይቀድ በየሰው ደጅ እየዘፈኑ የሚለምኑት፣ የንጉሡን ስም ተሸክመው በየአገሩ የሚዞሩት ላሊበሎችስ? ካሜራ አንስቶ አንድ ሌሊት አብሯቸው የሚሄድ ይጥፋ?

ገንዘብ የለንም ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ፊልም ገንዘብ ይበላል፣ ወረቀትም ተወዷል፣ አሳታሚም ከላስታ ሩቅ ነው። ነገር ግን ወጋየሁ ንጋቱ አገሩን ሁሉ ያስደመጠው በአንድ ድምፅ ነው። ዛሬ እያንዳንዳችሁ ኪስ ውስጥ መቅጃ ያለው ስልክ አለ። ቅዳሜ ገበያ ሂዱ፤ አንዲት እናት ስለ በቅሎ ዋጋ ስትከራከር ቅዱና ቃል በቃል ጻፉት። ላስቴ ሲከራከር እንዴት እንደሚያሳምር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አያታችሁን ስለ ንጉሡ ሳይሆን ስለ ሠርጓ ጠይቋት። ስታሞግሱ ብቻ እንዳትጽፉ፤ ጠባቡን፣ ስስታሙን፣ ቀናተኛውን ላስቴ ጭምር አሳዩን። ሀዲስ ዓለማየሁ ፊታውራሪ መሸሻን ባያስቁብን ኖሮ ጎጃምን አንወዳትም ነበር።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላብቃ። ቴምፕላሩን የሚደግፍ፣ ለጉዱ ካሳ የሚሟገት፣ ለራምቦ ጥብቅና የሚቆም ካለ መድረኩ ክፍት ነው። ስለ ላሟ የሚጽፍ ከተገኘ ደግሞ የእጅ ጽሑፉን በመጀመሪያው መኪና ይላክልኝ፤ ሳላነብ አላድርም።